ስምንት መቶ ኪሎ አተላ

አሎይስ ግራስል የተገኘው ከትልቁ የመዳብ ጋን ሥር፣ በግራ ጎኑ ተጋድሞ ነው። የተመታው ከኋላ፣ ጭንቅላቱ ላይ ነበር። ብቅል የሚማሰልበት የእንጨት መቅዘፊያ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ወድቋል። መርማሪ መነን ኃይሉ ስትደርስ አምቡላንሱ ሽማግሌውን ይዞ ሄዷል፤ ይተነፍሳል፣ ግን አይናገርም። ጋኑ ሥራውን አላቆመም። ከክዳኑ ሥር ቀስ እያለ ይፍለቀለቃል፤ ቤቱን የገብስ ሽታ ሞልቶታል።

ዕለቱ ማክሰኞ ጃንዋሪ 28 ቀን 2003 ነበር። ቢራ ፋብሪካው ከኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ወረድ ብሎ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ያለ የጡብ መጋዘን ነው። ፋብሪካ ይባል እንጂ ሰዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጠማቂው አሎይስ፣ ሽያጩን የያዘው የወንድሙ ልጅ ቶማስ፣ የጉልበቱን ሥራ የሚሠራው ገሠሠ አምባዬ።

ገሠሠ በርሜል ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል። የሸሚዙን እጅጌ ደም ነክቶታል።

"ሀበሻ ነሽ?" አላት ቀና ብሎ።

"ነኝ። መነን እባላለሁ፣ መርማሪ ነኝ። ያዩትን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።"

"ከጓሮ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። ቀና ላደርገው ሞከርኩ፣ አልሆነም። 911 ደወልኩ።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"አንድ ሰዓት ከአምስት ቢሆን ነው። ገና አልነጋም።"

"ጓሮ ምን ይሠሩ ነበር?"

"አተላ ሳወጣ።"

"ብቻዎን?"

ገሠሠ ጫማውን አየ። "ብቻዬን።"

አለቃዋ ሳጅን ዊልክስ ከበሩ ላይ ጠራት። ወፍራም፣ ትዕግሥቱ አጭር ሰው ነው። "የፊት በሩ አልተሰበረም" አላት። "ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው ሐኪም ቤት ነው። ሁለተኛው ኬኔሶ ከቤቱ እየመጣ ነው። ሦስተኛው ደም ነክቶት በርሜል ላይ ተቀምጧል። ምን ቀረሽ?"

"የተወሰደ ነገር አለ?"

ዊልክስ በአሎይስ ቢሮ ያለውን የመስታወት ሣጥን አሳያት። ክፍት ነው፤ መስታወቱ አልተነካም። አቧራው መሐል የትልቅ መጽሐፍ ቦታ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ የዕለቱ የሥራ ማስታወሻ ተዘርግቷል። አሎይስ የመጨረሻውን መስመር የጻፈው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፦ "ጋኑ ሞላ፣ እንፋሎት ተከፈተ"። መፍላት ሲጀምር መጻፍ የነበረበት ቀጣዩ መስመር ባዶ ነው።

"እንግዲህ የተመታው በዚያ መሐል ነው" አለች።

"ሰውየሽም በዚያ መሐል ጓሮ ነበርኩ ይላል። ምስክር የለውም።"

ቶማስ ግራስል ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ በብርማ ቮልቮ ደረሰ። አርባ ዓመት ያህል ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፊቱ የገረጣ። ስለ አጎቱ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ከዚያ ባዶውን ሣጥን ሲያይ ወንበር ሳበ።

"የክሮንባህ መዝገብ" አለ። "ከዚህ ቤት ዋጋ ያለው እሱ ብቻ ነው።"

"ክሮንባህ ምንድን ነው?"

"በላይኛው ኦስትሪያ ያለች የእኛ ከተማ ናት፤ ቢራውም በስሟ ነው የሚጠራው። በ1684 መነኮሳት ጀመሩት። በ1809 የናፖሊዮን ወታደሮች ብቅሉን በሉ፣ ቤቱን አቃጠሉ። በ1840 ቤተሰባችን ፍርስራሹን ገዛ። ከዚያ ወዲህ ከአባት ወደ ልጅ፣ እስከ 1994 ድረስ። ሲዘጋ አጎቴ ጋኑንና መዝገቡን በመርከብ አስጭኖ እዚህ መጣ።" ብዙ ጊዜ የተናገረው መሆኑ ከአፉ አወጣጥ ይታወቃል።

"መዝገቡ ምን ይዟል?"

"ጥመቃ በጥመቃ ተጽፎበታል። ቀኑ፣ ገብሱ፣ የአየሩ ጠባይ፣ የጠማቂው ፊርማ። ሰኞ የክሮንባህን ስም ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ልንሸጥ ነው።"

"መዝገቡ ከጠፋ ሽያጩ ይቀራል?"

"መቅረት እንኳ አይቀርም።" ቶሎ ጨመረ፦ "የሚያሳዝን ነው እንጂ።"

"ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?"

"ቤቴ። አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ የ75 አውራ ጎዳናን ትራፊክ ታውቂዋለሽ። ሚስቴ ለሥራ ቺካጎ ናት፣ ያየኝ ሰው የለም። ግን ስለ ገሠሠ ባትጠይቂኝ እወዳለሁ። ደግ ሰው ይመስለኝ ነበር።"

"ጠመቃውንስ አብረው ይሠራሉ?"

"እኔ? እኔ ሻጭ ነኝ። ጋኑን ነክቼው አላውቅም።"

መነን ብቅሉ የሚዘፈዘፍበትን ማጥለያ ገልጣ አየች። ባዶ ነው፤ አተላው ሁሉ ወጥቷል። ወደ ጓሮው በር ወጣች። አስፋልቱ ላይ እርጥብ ገብስ ተንጠባጥቧል፤ የኋላ ጎማው ድርብ የሆነ የጭነት መኪና ዱካ በጭቃው ላይ ተቀርጿል። ተመልሳ ገሠሠ ፊት ቆመች።

"ጋሼ ገሠሠ፣ ዛሬ ስንት ኪሎ ብቅል ገባ?"

"አራት መቶ።"

"ውሃ ሲጠጣስ?"

"እጥፍ ይሆናል።"

"ስምንት መቶ ኪሎ አተላ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ብቻዎን ዝቀው ጨረሱ?"

"ጉልበት አላጣሁም።"

"የትስ ደፉት? ጓሮው ላይ የቀረው እፍኝ አይሞላም። አንድ ሰው መኪና ይዞ መጥቶ አብሮዎት ጭኗል። ያ ሰው ምስክርዎ ነው። ማን ነው?"

ገሠሠ ከበርሜሉ ተነሳ። "ቃል ሰጥቻለሁ" አላት።

"ለማን?"

"ለማን እንደሰጠሁ ከነገርኩሽ ቃሉ ምኑ ተረፈ?"

"ሳጅኑ ሊይዝዎት ነው እኮ!"

"አርብ ዜግነት ልምል ነው፣ ልጄ። ሚስቴ ተናኘ ስድስት ዓመት የቪዛ ወረፋ ላይ ናት። ዜጋ ከሆንኩ ወረፋው ይቀርላታል። ከተያዝኩ ግን መሐላውም ይቀራል፤ እሷም ትቀራለች።"

"ታዲያ ይናገሩ!"

"ሰውየው ምንም አላጠፋም። በእኔ አፍ አይዋረድም።"

ዊልክስ ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። "ያ መኪና መጽሐፉን ጭኖ ሄዷል፤ ተባባሪው ነው። እስከ ሐሙስ ማታ ጊዜ አለሽ፣ መነን። ከዚያ አስረዋለሁ።"

ረቡዕ ጠዋት መነን ገሠሠን ይዛ ወደ ፋብሪካው ተመለሰች። ከጋኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ቀኑን ሙሉ የሚዞር ክብ ወረቀት አለ፤ ሁለት ቀለም ያላቸው ብዕሮች ይጽፉበታል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቀዩ ሙቀቱን ነው። ሰማያዊው እንፋሎቱን።"

የማክሰኞን ወረቀት አውጥታ መስኮቱ ጋ አየችው። ሰማያዊው መስመር አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጣሪያ ነክቷል። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ወደ ግማሽ ወርዷል፤ ከዚያም አልተነቃነቀም።

"ሁልጊዜ እንዲህ ይወርዳል?"

"ሊፈላ ሲል ይቀነሳል። ካልተቀነሰ ገንፍሎ እዚህ ቤት ውስጥ ይፈስሳል። አሎይስ ነው የሚቀንሰው።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ አሎይስ ራሱን ስቶ ነበር ማለት ነው። ማስታወሻው ላይ አልጻፈማ። እርስዎ ቀነሱት?"

ገሠሠ የግራ መዳፉን ገልብጦ አሳያት። ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው የቃጠሎ ጠባሳ አለ። "አንዴ ነክቼው ነበር። ይሄ መዝጊያ ከእነሱ አገር ከጋኑ ጋር የመጣ ነው፤ እንደ ሌላው አይዘጋም። ሁሉም ወደሚዘጋበት ብታዞሪው ይብስ ይከፈታል። ከዚያ ወዲህ አሎይስም አላስነካኝ፣ እኔም አልነካሁት።"

"ሌላ የሚያውቀው ማን ነው?"

"ቶማስ ነዋ። በጋ ላይ አሎይስ ኦፕራሲዮን ሲያደርግ ሁለት ሳምንት የጠመቀው እሱ አይደለም እንዴ? እንዴት ያለ እጅ መሰለሽ! እዚያው ጋኑ ሥር ነው ያደገው።"

መነን ወረቀቱን በላስቲክ ከተተችው። ቶማስ ዋሽቷል። ግን ውሸት ብቻውን ማክሰኞ ጠዋት እዚህ መሆኑን አያስረዳም።

"የጠዋቱን ሥራ ከመጀመሪያ ይንገሩኝ፣ አንድ በአንድ" አለችው።

ገሠሠ ሥራው ሲሆን አንደበቱ ተፈታ። ብቅሉ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጣፋጩ ውሃ ተጠልሎ ወደ ጋኑ ይገባል፤ የቀረው ገብስ ወዲያው ይወጣል። ውሃው በፈረንጅ ጌሾ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፤ እርሾ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው።

"አተላው እርሾ ሳያየው ነው የሚወጣው ማለት ነው?"

"በየት በኩል ያየዋል?"

መነን እሱንም ጻፈች።

ከአሎይስ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ በሽማግሌው እጅ የተጻፈ የፖስታ አድራሻ አገኘች፤ ሩት ሮዘንፌልድ፣ ሲንሲናቲ። የሚላከው ዕቃ ግን የለም። ደወለች። የመለሰችላት ድምፅዋ ረጋ ያለ አሮጊት ናት።

"መጽሐፉን ሊልክልኝ ነበር" አለች ሩት። "ማክሰኞ ጠዋት ፖስታ ቤት ይዤው እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር።"

"ለምን ለእርስዎ?"

"የአያቴ ነዋ። በ1840 ክሮንባህን የገዛው የእኛ ቤተሰብ ነው። ግራስሎች ተቀጣሪ ጠማቂዎቻችን ነበሩ። በ1938 ናዚዎች ሲገቡ አይሁድ ነን ብለው ቀሙንና ለአሎይስ አባት ሰጡት። ወረቀቶቻችን ሁሉ ተቃጥለዋል። አሎይስ ባለፈው ዓመት ጻፈልኝ። 'እስከ ማርች 1938 ድረስ በየገጹ የአያትሽ ፊርማ አለ፤ በሚቀጥለው ገጽ የአባቴ ይጀምራል፤ ሌላ ማብራሪያ የለም' አለኝ። ዕድሜ ልኩን ሲያየው ኖሯል።"

"አሁን ለምን?"

"የኦስትሪያ መንግሥት የተቀሙ ሰዎችን ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ ሜይ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው።"

መነን ስልኩን ዘጋች። ሰኞ የሚሸጠው ስም ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ስም ነው። መዝገቡ ሲንሲናቲ ከደረሰ የሚሸጥ ነገር የለም።

የቀረው ምስክሩ ነው። ስምንት መቶ ኪሎ አተላ የሚፈልግ ሰው ከብት ያለው ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካሉት የሀበሻ ሱቆች አንዱ ጋ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ገባች። ዓረፋ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከበርበሬው መደርደሪያ በላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ "ለዓረፋ የሰቡ በጎች አሉን። ሰዒድ፣ ሊልበርን።"

"እውነት የሰቡ ናቸው?" አለቻት ባለሱቋን።

"ላት በይው! ባለፈው ያየሁት በግማ ላቱን መሸከም አቅቶታል" አለች ባለሱቋ እየሳቀች። "ምን እንደሚያበላቸው እንጃለት። ሣሩ እንደሆነ ከኖቬምበር ጀምሮ ደርቋል።"

ሊልበርን፣ ቤቱ ድረስ ሄደች። ሰዒድ የኤርፖርት ሹፌር ነው፤ የወሎ ሰው፣ ረጅም፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው። ከቤቱ ፊት ድርብ ጎማ ያለው የጭነት መኪና ቆሟል። መነን መታወቂያዋን ስታሳየው መኪናው ላይ ያለውን ሸራ ሳያስበው ጎተተ።

"ማክሰኞ ጠዋት የት ነበሩ፣ ጋሽ ሰዒድ?"

"ሱብሒ ሰግጄ ተኛሁ።"

"ከሸራው ሥር ገብስ ይታየኛል።"

"ገብስ ክልክል ነው እንዴ አገሩ?"

"ገሠሠ አምባዬን ያውቁታል?"

"አላውቀውም" አለ። ቆይቶ ግን "ምን ሆነ?" ሲል ጠየቀ።

ነገረችው። ሽማግሌው መመታቱን፣ ገሠሠ ቃሉን አላጥፍም ማለቱን፣ አርብ መሐላው እንደሚቀርበት፣ ተናኘ ወረፋ ላይ እንደምትቀር። ሰዒድ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

"ወላሂ፣ እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም።" ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። "እህቴ፣ አርባ ቤተሰብ በግ ይዞብኛል። ለእርድ! ለዓረፋ! ከቢራ ፋብሪካ አተላ ነው ያበላቸው ሲባል ምን ይሉኛል? አገራችን የጠላ አተላ የጠጣ በሬ ሲንገዳገድ አላየሽም? እኔ እኮ ሌት እየተነሳሁ በጎቹን አያለሁ፣ ሰክረው እንደሆነ እያልኩ።"

"ሰክረው ያውቃሉ?"

"እስካሁንስ ጨዋ ናቸው።"

መነን ሳቋን ዋጠችው። "ጋሽ ሰዒድ፣ ጠላ ተጠንስሶ፣ ፈልቶ፣ ተጠጥቶ ነው አተላው የሚቀረው። የፈረንጁ ቢራ እንዲህ አይደለም። ገብሱ የሚወጣው ጠዋት ነው፣ እርሾ የሚገባው ከሰዓት በኋላ። እርስዎ የሚጭኑት ያልፈላ ገብስ ነው። ከማያሰክረው ከእናንተው ከወሎ ቀሪቦ ይልቅ የዋህ ነው።"

ሰዒድ አፉን ከፍቶ አያት። "አራት ወር ሙሉ?"

"አራት ወር ሙሉ።"

"አራት ወር ሙሉ መብራት አጥፍቼ እንደ ሌባ ስገባ?" ተነሳ። "ቆይ። ሸኹን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም።"

ስልኩን ይዞ ገባ። መነን ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሆኗል።

"ምን አሉ?"

"ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ ከዚያ 'በጎቹ ሰብተዋል?' ነው ያሉኝ። ቀጥለው ግን ተቆጡኝ። 'ያልፈላ ገብስ ምን አለበት? አንተ የምትጠየቀው ምስክርነት በመደበቅህ ነው' አሉኝ።" ቀና አለ። "ጻፊ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። እኔና ገሠሠ ሎድ አድርገን እስክንጨርስ አንድ ሰዓት ሆኗል። ከአጠገቤ ዞር አላለም።"

"ሌላ ሰው አይተዋል?"

"መኪና አይቻለሁ። ልጨርስ ስል ከፊት ለፊት በኩል ወጣ። እኔ ደግሞ የሚያውቀኝ ሰው እንዳይሆን እያልኩ የሁሉንም ታርጋ ነው የማየው፤ ታርጋው ላይ የካውንቲው ስም ይጻፋል፣ የእኛ ሰዎች ያሉበት ግዊኔት ወይም ዲካልብ የሚል ከሆነ እደነግጣለሁ። ያ ግን ኮብ ነበር የሚለው። የእኛ ሰው አይደለም ብዬ ተውኩት። ብርማ ቮልቮ ነው።"

ኬኔሶ ያለው ኮብ ካውንቲ ውስጥ ነው። የቶማስ ግራስል መኪና ምን እንደሆነ መነን ማክሰኞ ጠዋት አይታለች።

ሐሙስ ከሰዓት፣ አሎይስ ሐኪም ቤት ገና ሳይናገር፣ ቶማስ ከፊቷ ተቀመጠ። ክቡን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ዊልክስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

"አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት" አለች። "አንድ ሰው እንፋሎቱን ቀንሷል።"

"ገሠሠ ይሆናላ።"

"ገሠሠ በዚያ ሰዓት ጓሮ ነበር። ምስክር ፈርሞልኛል። ደግሞ መዝጊያው በግልባጭ እንደሚዞር ገሠሠ የሚያውቀው እጁን አቃጥሎ ነው። ይሄን የቀነሰ ሰው አልተሳሳተም። ልክ እስከ ግማሽ ነው፤ አጎትህ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው።"

ቶማስ ወረቀቱን አየ እንጂ አልነካውም።

"ለምን እንደቀነሰው አስቤ ነበር" አለች መነን። ድምፅዋን አላነሳችም። "መጀመሪያ ለቢራው አዝኖ መሰለኝ። ከዚያ አጎትህ የወደቀበትን ቦታ ለካሁ። ጋኑ ቢገነፍል የፈላው ውሃ የሚወርደው በቀጥታ ፊቱ ላይ ነው። ያን መዝጊያ የነካ ሰው አሎይስን ከመቀቀል አድኖታል። ጠልቶት አይደለም የመታው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ካልነገርከኝ በወረቀቴ ላይ የሚቀረው የመታው ብቻ ነው። የብርማ ቮልቮህን ኮብ ታርጋ ያየ ሰው አለ፣ ቶማስ።"

ዊልክስ ሊናገር ሲል መነን በዓይኗ አቆመችው።

"ሲንሲናቲ ሊልከው ነው አለኝ" አለ ቶማስ። "በመጪው ሰኞ ልፈርም፣ እሱ ስድስት ቀን ቀድሞ ሊልከው! 'የእኛ አልነበረም' አለኝ። ሰባት ዓመት ስሙን ተሸክሜ በየመጠጥ ቤቱ ስዞር የእኛ ነው ስል ሰምቶኛል። ያን ጊዜ ለምን አልነገረኝም? ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ጋኑ ዞረ። መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር።" እጁን አየ። "ወደቀ። ከዚያ ሲንተከተክ ሰማሁት። ሊገነፍል ሲል ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ እንፋሎቱን ቀነስኩት።"

"መዝገቡስ?"

"ቤት ነው። ላቃጥለው ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሦስት ጊዜ ክብሪት ጫርኩ።"

መዝገቡን ዊልክስ ራሱ ከኬኔሶ አመጣው። መነን ማርች 1938ን ፈልጋ ገለጠች። በግራ ገጽ ቀጭን የተዘረጋ ፊርማ፤ በቀኝ ገጽ ወፍራምና ቀጥ ያለ። በሁለቱም ቀን የተጠመቀው ቢራ አንድ ዓይነት ነው፤ የአየሩ ጠባይም "ዝናብ" ይላል። ሁለቱን ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርጋ መጽሐፉን በማስረጃ ከረጢት አሸገች፤ ኮፒውን ለሩት ሮዘንፌልድ በፋክስ ላከችላት።

አርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሪፖርቷን ስትጽፍ ስልኳ ጮኸ።

"መነን? ገሠሠ ነኝ። መሐላው ያለበት ሕንፃ በር ላይ ነኝ፤ ሰዒድ በትራኩ አድርሶኝ ነው። አንድ ወረቀት ሰጡን።"

"ምን የሚል?"

"ኢንተርቪው ካደረግህ ወዲህ ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ውሸት መጻፍ አልፈልግም። ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠይቁኝ ነው የከረማችሁት። መጠየቅና መያዝ አንድ ናቸው እንዴ?"

"አንድ አይደሉም፣ ጋሼ። ጠየቅንዎት እንጂ አልያዝንዎትም።"

"ሳጅኑም እንዲህ ይላል?"

መነን ቀና አለች። ዊልክስ ከጠረጴዛው ማዶ የገሠሠን ስም በቀይ ያሰመረበትን የእስር ማመልከቻ አራት ቦታ ቀዶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው።

"ሳጅኑም እንዲህ ይላል።"

ከስልኩ ወዲያ የሰው ኮቴና የበር ድምፅ ይሰማል። ገሠሠ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሲጽፍ ትንፋሹ ይመጣል፤ ቸኩሎ አይደለም።

"አልተያዝኩም ብዬ ጽፌአለሁ" አለ። "ልግባ እንግዲህ፣ ሰልፉ ሄደ።"